ካርታው ስንት ምስክር አለው?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ግራና ቀኝ ቤት ለመግዛት የሚመላለስ ሰው ደላላውን የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ «ካርታ አለው?» ይላል። ቀጥሎ «ነባር ነው ወይስ ሊዝ?» ይላል። ሦስተኛውን የሚያነሣው እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ ቀብድ ሊከፍል ሲል ነው፤ «ዕዳና እገዳ የለበትም አይደል?»። ደላላው ለሦስቱም አንድ መልስ አለው፤ «ንጹሕ ነው»። ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ገብተው ይፈራረማሉ፤ ገዢው ግን ስም እስኪዞርለት ድረስ እንቅልፍ የለውም። ስሙ ከዞረም በኋላ ቢሆን የመንገድ ማስፋፊያ ወሬ በሰማ ቁጥር ካርታውን ከሣጥን አውጥቶ ያየዋል።

ለመሆኑ ይህ ሰው የገዛው ምንድን ነው? ግድግዳውንና ጣራውን እንዳይባል ዋጋው ከግድግዳና ከጣራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መሬቱን እንዳይባል መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህን በግልጽ ዘግቶታል። የተገዛው በአንድ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ነው። ስለዚህ የገበያው ትልቁ ጥያቄ መዝገቡን ማን ይዞታል፣ ማንስ ይመሰክርለታል የሚለው ይሆናል። ይህን ጥያቄ በደንብ ለማየት ዳገቱን ጨርሶ እስከ እንጦጦ ራጉኤል መውጣት አይከፋም።

ምኒልክ አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት ከተማቸው ይህ ተራራ ነበር። በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑትም ከራጉኤል ብዙ በማትርቀው በእንጦጦ ማርያም ነው። በዚያ ዘመን ሥርዓት ነጋሢ ቤተ ክርስቲያን ሲተክል ታቦቱን ብቻውን አይተክልም፤ ከነመተዳደሪያው ነው። ለቀዳሹ፣ ለደብተራው፣ ለዕጣኑ፣ ለጧፉ መሬት ይቆረጣል። አገልጋዩ በመሬቱ ያድራል፤ አገልግሎቱን ከተወ መሬቱም ይቀርበታል። ሰሞን መሬት የሚባለው ይኸው ነው። ጉልት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጉልት የተሰጠው ገዳም ወይም መኳንንት መሬቱን አያርስም፤ ለመንግሥት ሊገባ የሚገባውን ግብር ለራሱ ይሰበስባል እንጂ። በዛሬ አነጋገር ጉልት የመሬት ሳይሆን የገቢ መብት ነው። ርስት የገበሬው፣ ጉልት የጌታው ሆነው በአንዲት እርሻ ላይ ሁለት መብት ተደራርቦ ይኖር ነበር።

የተሰጠው የት ይጻፋል? በወንጌል ላይ።

ነገሩ ለዛሬ ነጋዴ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ የሀገሪቱ ረጅም ዕድሜ ያለው የይዞታ መዝገብ ግን ይህ ነው። ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው በሺመዛና ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ላይ የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታ ሰፍሮ ይገኛል፤ ይህም ወደ 13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሚወስድ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስም የወርቅ ወንጌል እንዲሁ የስጦታ ጽሑፎችን ይዟል። ሀንቲንግፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር የሰሜን ኢትዮጵያን የመሬት ስጦታ ጽሑፎች ሰብስቦ በእንግሊዝኛ በመተርጐም እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ አሳትሟቸዋል። ሰውየው ሥራው እንግዳ አልሆነበትም ቢባል ያስኬዳል፤ በሀገሩ ገዳማት ርስታቸውን በንጉሥ ጽሑፍ አስከብረው፣ ግልባጩን በአንድ ጥራዝ አስጽፈው ሲያስቀምጡ ነው የኖሩት።

ወንጌሉ የተመረጠበት ምክንያት የሃይማኖት ብቻ አይደለም። ወንጌል ከዕቃ ቤት አይጠፋም፤ ገበዙ ይጠብቀዋል። በየቅዳሴው ይወጣል፤ ካህናቱ ያዩታል። ብራና ላይ የሰፈረን ቃል ፍቆ ማጥፋት ይቻላል፣ ወንጌል ላይ የሰፈረን መፋቅ ግን ከማንም ፊት የሚያሳፍር ድፍረት ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ገጾችና በኅዳጉ ላይ ጸሐፊው ማን እንደሰጠ፣ ለማን እንደሰጠ፣ የመሬቱን ስም ያሰፍራል። ከዚያ የሹማምንት ስም ይከተላል፤ ስጦታው ሲሰጥ እገሌ በዚህ ሹመት ነበረ፣ እገሌ በዚያ ሹመት ነበረ እያለ ይዘረዝራል። አንዳንዱ የየትኛው ሹም ባለሟል ወደዚያ መሬት እንዳይገባ ጭምር ስም እየጠራ ይከለክላል። መጨረሻው ግዝት ነው፤ ጽሑፉን የሻረ፣ መሬቱን የነጠቀ በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ግዝቱ በሌባ ላይ ብቻ የተሰነዘረ አይደለም። በሚቀጥለው ንጉሥም ላይ ነው። ሰጪው ንጉሥ ራሱን፣ ልጁንና ወራሹን ነው የሚያስረው። የሚከለክለውም የራሱን ሹም ነው። አንድ መንግሥት በፈቃዱ «እኔም ብሆን አልነካውም» ብሎ፣ ጽሑፉን በራሱ ግምጃ ቤት ሳይሆን በተቀባዩ እጅ አስቀምጦ የሚሄድበት አሠራር ነበር ማለት ነው።

በጎንደር ዘመን ደግሞ ነገሩ ከስጦታ አልፎ ገበያ ሆነ። በከተማዪቱ ታላላቅ አድባራት፣ እቴጌ ምንትዋብ በተከሉት በቁስቋም ጭምር፣ አገልጋይ የሚያድርበት መሬት ሪም ይባል ነበር፤ ሪም ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ይናዘዙበታል። ሽያጩ የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ነው። ገዢ፣ ሻጭ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ በኋላም በማርትሬዛ ብር፣ ዳኛው፣ ዋሱ፣ እማኞቹ ሁሉ በስማቸው ይሰፍራሉ። በእነዚህ መዝገቦች ሴቶች ሻጭም ገዢም ሆነው በብዛት ይገኛሉ። በጊዜው የገዢ ትልቁ ሥጋት የሻጭ ዘመድ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ «የአያቴ ድርሻ አለበት» ብሎ የሚነሣ። ዋስ የሚጠራው ለዚህ ነው። የዛሬው ውልና ማስረጃ ሁለት ምስክር ሲጠይቅ የቆየ ልማድ ነው የሚከተለው፤ ልዩነቱ የዛሬዎቹ ምስክሮች ብዙ ጊዜ ሻጩንም መሬቱንም የማያውቁ፣ በር ላይ ከቆሙት መካከል የተጠሩ መሆናቸው ነው።

እርግጥ ወንጌልም ቢሆን ከፎርጅድ አላመለጠም። በአክሱም መጽሐፍ ውስጥ በአብርሃና አጽብሐ ስም የተጻፈው የመሬት ስጦታ ከነገሥታቱ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ እንደተጻፈ ሊቃውንት ይስማማሉ። የእንግሊዝ መነኮሳትም በዚህ ሙያ ስመ ጥር ነበሩ። የዌስትሚንስተር ገዳም በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጥንት ነገሥታት ስም የተሠሩ ጽሑፎችን እያወጣ መብቱን ሲያስከብር ኖሯል። ሰነድ ዋጋ ባለው ቦታ ሁሉ ሐሰተኛ ሰነድ አለ። ማንም ዋጋ የሌለውን ወረቀት ፎርጅድ አይሠራም፤ የደላላ ቢሮ በር ላይ የሚዞሩት ሐሰተኛ ካርታዎችም የካርታን ዋጋ ነው የሚያሳዩት።

ይህን ሁሉ ሲያነብ «እንግዲያው የድሮው ይሻል ነበር» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ገባሩን ረስቷል። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው አባባል አከፋፈሉን በልክ ባይገልጽም ቀንበሩ የት እንደወደቀ ይናገራል። ወንጌሉ ላይ የሰፈረው የተቀባዩ ስም ነው። የአራሹ ስም አልተጻፈም። ምስክር ያልቆመለት ሰው መብቱም አልተቆጠረለትም፤ በተለይ በደቡቡ ክፍል ርስቱን ያጣው ጭሰኛ ለዚህ ሕያው ማስረጃ ነበር። ለነጋዴም ቢሆን ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ የሚመች አልነበረም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባ መሬት ብዙውን ጊዜ ከገበያ ይወጣል። እንግሊዞች ይህን «የሙት እጅ» ይሉታል፤ አንዴ የጨበጠውን አይለቅምና። እ.ኤ.አ. በ1279 ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ያለ ፈቃድ መሬት ወደ ገዳም እንዳይገባ በሕግ የከለከለው የመንግሥት ገቢ ስለጐደለበት ነበር።

የሁለቱ ሀገሮች መንገድ የሚለያየው መጨረሻው ላይ ነው፤ ለገበያውም ትምህርት ያለው እዚህ ጋ ነው።

እንግሊዝ ገዳማቷን የዘጋችው እ.ኤ.አ. ከ1536 እስከ 1540 ባሉት ዓመታት ነው። ሄንሪ ስምንተኛ መነኮሳቱን በትኖ ርስታቸውን ወሰደ። ዘረፋ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ንጉሡ የወሰደውን ሀብት የሚያስተዳድርና የሚሸጥ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋመ። ገዳማቱ ቀደም ባሉት ዓመታት በቅን ልቡና ያከራዩት መሬት ኪራዩ ተከበረ። መዛግብቱ አልተቃጠሉም፤ ወደ አዲሶቹ ባለርስቶች ተላለፉ። መሬቱን የገዛው ነጋዴና የገጠር ባላባት ወሰኑንም፣ የውኃ መብቱንም፣ የተከራዩንም ዕዳ የሚያስረዳው በእነዚያው አሮጌ ብራናዎች ነበር። ባለቤቱ ተለወጠ፣ የመብቱ ሰንሰለት ግን አልተበጠሰም።

በእኛ ዘንድ ሰንሰለቱ ቀስ በቀስ ሲላላ ቆይቶ በአንድ ዓመት ተበጠሰ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ስለ አዲስ አበባ መሬት ደንብ ሲያወጡ ቦታ እንዲለካ፣ ባለይዞታው ወረቀት እንዲይዝ፣ መሸጥ መለወጥ እንዲችል መንገድ ከፈቱ። የከተማዋ ካርታ የዘር ግንድ ከዚህ ይጀምራል። በ1935 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የቤተ ክርስቲያን መሬት ግብር እንዲከፍል፣ ግብሩ ግን ለቤተ ክርስቲያኗ ግምጃ ቤት እንዲገባ አደረገ። በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት ቀሩ። የሚገርመው በመካከሉ የሆነው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እንዴት እንደሚደራጅ ከዘጠና በማያንሱ አንቀጾች ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ በመጨረሻ በቁጥር 3363 ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ቀን እስኪቈረጥለት ድረስ አይሠራም አለ። ቀኑ ሳይቈረጥ ንጉሡ ወረዱ። ገዳሙ ሰባት መቶ ዓመት የያዘውን ዓይነት መዝገብ ዘመናዊው ሕግ በወረቀት ወልዶ አስተኛው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ተወረሰ። ጭሰኛው ከጌታው ተላቀቀ፤ ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ለከተማ ቦታ ግን ካሳ የለም ተባለ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ተፈቀደ። የወንጌሉም፣ የማዘጋጃ ቤቱም፣ የውርስ ወረቀቱም ሁሉ በአንድ ቀን የታሪክ ዕቃ ሆኑ። እንጦጦ ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ደን ሳይቀር ባለቤቱ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ያለው የይዞታ ታሪክ አዲስ ነው፤ ከዜሮ የተጀመረ። አንድ የአዲስ አበባ ካርታ ወደ ኋላ ቢመረመር የመብቱ ሥር ከግማሽ መቶ ዓመት አይዘልም።

በ1986 ዓ.ም. ሊዝ ሲመጣ መሬት እንደገና ዋጋ አገኘ። ሕጉ በ1994 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721 ተተካ። ይህ አዋጅ ለመኖሪያና ለሃይማኖት ተቋማት 99 ዓመት፣ በአዲስ አበባ ለንግድ 60 ዓመት ወሰነ፤ ሊዘኛው በከፈለው መጠን መብቱን በዋስትና እንዲያስይዝም ፈቀደ። በ2006 ዓ.ም. የይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ወጣ፤ አዲስ አበባም የመሬት ይዞታ ምዝገባና መረጃ ኤጀንሲ አቋቋመች። ይህ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ጐደሎ አለው፤ ጐደሎው ደግሞ ኮምፒዩተር የሚሞላው ዓይነት አይደለም። ሰጪው፣ መዝጋቢውና ነሺው በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። ከተማው ቦታውን ይሰጣል፤ ከተማው ይመዘግባል፤ ለልማት ሲፈለግ ከተማው ያነሣል፤ የካሳውንም ግምት ከተማው ይጀምራል። ይግባኝ አለ፤ አቤቱታ ሰሚም አለ። የሌለው ከሰጪው እጅ ውጪ የተቀመጠ መዝገብ ነው።

ገበያው ይህን ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከፒያሳ ተነሥቶ ሲስፋፋ የደላላው ጥያቄ በአንድ ሳምንት ተለወጠ፤ «ካርታ አለው?» የሚለው ቀርቶ «መንገድ ዳር ነው?» ሆነ። ይህ ቀልድ አይደለም። ገዢው ለካርታው የሚከፍለውን ዋጋ ቀንሶ ለቦታው አቀማመጥ ጨመረ ማለት ነው። ልማቱ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ከተማዋ መንገድ እንደሚያስፈልጋት የሚክድ የለም። ካሳ የሚታሰበው ግን በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረትና ለመነሣቱ እንጂ ለመሬቱ አይደለም። በመሆኑም ቦታውን በሚሊዮኖች የገዛ ሰው ኪሳራ በማንም ሒሳብ ውስጥ አይታይም። ባንኩም ይህን ስለሚያውቅ ሲገምት እጁን ይሰበስባል። በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለመብት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። ዶላር ይዞ የሚመጣ ሰው ግን «ንጹሕ ነው» በሚል ቃል ብቻ የሚፈርም አይመስልም።

ለመርካቶ ሰው ነገሩ ከዚህም ይቀርባል። የእንጦጦው ራጉኤል ስም ተጋሪ የሆነው የመርካቶው ራጉኤል በገበያው መካከል ነው የቆመው። በከተማዋ ብዙ አድባራት ዙሪያ በአጥር የተያያዙ ሱቆች አሉ፤ ነጋዴው የሚዋዋለው ከሰበካ ጉባኤው ጋር ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ለአምልኮ የተሰጠ ይሁን ለንግድ፣ ወሰኑ እስከ የት እንደሆነ፣ ቦታው ቢነሣ የተከራዩ ዕጣ ምን እንደሚሆን ተከራዩ የሚያይበት መዝገብ የለውም። የሄንሪ መነኮሳት ተከራዮች እንኳ ውላቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ቀርበው ነበር።

መፍትሔው መሬት ይሸጥ አይሸጥ የሚለውን ያረጀ ሙግት መድገም አይደለም። መሬት የመንግሥት ሆኖም መዝገቡ የሁሉም ሊሆን ይችላል። ገዢ አነስተኛ ክፍያ ከፍሎ የሚገዛውን ቦታ ታሪክ በራሱ ዓይን ቢያይ፣ የመዝገቡ ግልባጭ ከከተማው አስተዳደር ውጪ በፍርድ ቤት ቢቀመጥ፣ አንድ ካርታ ሲመክን የመከነበት ምክንያትና የወሰነው ሹም ስም ከመዝገቡ ላይ ቢሰፍር ምን ይቸግራል? የመጨረሻው በተለይ ከባድ አይደለም። የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊ የሹማምንቱን ስም አንድ በአንድ ይጽፍ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ፋይል ከክፍለ ከተማ ሲጠፋ ማን እንደያዘው የሚናገር ወረቀት አብሮ ይጠፋል።

ፈረንሳይ ዳገት ላይ ያለው ገዢ ይህ እስኪሆን አይጠብቅም። ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት እሑድ ጠዋት ብቻውን ተመልሶ ይመጣል። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለችውን ባለሱቅ ውኃ ገዝቶ ያነጋግራታል። የዕድሩን ሰብሳቢ ቤት ጠይቆ ይሄዳል፤ ቤቱ የማን እንደነበር፣ ወንድማማቾቹ ተካፍለው እንደሆነ፣ አጥሩ መቼ እንደተገፋ ያጣራል። ሰብሳቢው የሚያውቁትን ይነግሩታል። ለዚህ የሚጠይቁት ክፍያ የለም፤ ሁለት በመቶውን የሚወስደው ደላላው ነው።